በጆሮ የተመረጠው የክረምት መጽሐፍ

ያደግሁት ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳያባራ በሚወርድበት ደጋ ነው። ለሥራ አርባ ምንጭ ስመጣ በመጀመሪያው ዓመት ክረምቱን ስጠብቀው ስጠብቀው ሳይመጣ አለፈ። ኋላ ነው የገባኝ። እዚህ ክረምት ከተማው ድረስ አይወርድም፤ ከበላያችን ባለው የጋሞ ተራራ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ያየናል። ጠዋት በባጃጅ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ስወርድ ደመናው ተራራውን እስከ ወገቡ ውጦት አያለሁ። እኛ ጋ ፀሐይዋ ለስለስ፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ዝናቡ አንዳንድ ቀን ብቅ ብሎ ይመለሳል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ወደየአገሩ ስለሚሄድ ከተማው ድምፁን ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ ከሴቻ አፋፍ ሆኖ ለሚያይ፣ አባያ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ፣ ጫሞ እንደ ብረት ግራጫ ሆኖ፣ ሁለቱም ሐይቆች የሚያንቀላፉ ይመስላሉ። ሰውም አብሮ ያንቀላፋል።

የንባብ ክበባችን ዋናው ወቅት ያ ነው። በሌላው ጊዜ የተገኘውን እናነባለን፤ ለክረምት ግን ሰኔ ላይ ተሰብስበን፣ ተከራክረን፣ አንድ መጽሐፍ እንመርጣለን። ሐምሌንና ነሐሴን ከእሱ ጋር እንከርማለን።

አራት ነበርን። ክበቡን የመሠረቱት በአዋላጅ ነርስነት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከተማው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው፤ እኛም እንደዚያው። ምጥ ሲጠብቁ ባደሩባቸው ዓመታት ማንበብ ለምደው፣ ጡረታ ሲወጡ ‘አሁን ደግሞ የማወራው ሰው አጣሁ’ ብለው እኛን ሰበሰቡን። ሁለተኛው የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም። ሦስተኛው ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ተምሮ የተመረቀ፣ ሥራ እየፈለገ የቀረ ወጣት ነው። ‘ኢንጂነር’ እንለዋለን፤ ግማሹ ፍቅር ነው፣ ግማሹ ቀልድ። አራተኛዋ እኔ ነኝ። የምሠራው የከተማው የመጠጥ ውሃ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ናሙና ስመረምር እውላለሁ።

የዚያን ዓመት ሰኔ ሴቻ ባለው የጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። መምህሩ ስለ አንድ የድሮ ቤተ መንግሥት የተጻፈ፣ ለትራስ የሚሆን ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ክረምት ማለት ወፍራም መጽሐፍ ነው» አለ። «ሌላ ጊዜ ማን ይደፍረዋል?»

«ቲቸር፣ ይሄን ይዘን እስከ ገና በዓል አንጨርስም» አለ ኢንጂነር። እሱ ያመጣው ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ የወንጀል ልብ ወለድ ነበር። «ክረምት ልብ የሚሰቅል ነገር ነው የሚፈልገው። አለበለዚያ እንቅልፍ ነው።»

እኔ ያመጣሁት ቀጭን ነበር። ሲቀላ መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው ያገኘሁት። ሽፋኑ ከነመጀመሪያ ገጾቹ ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ ርዕሱንም ደራሲውንም አላውቅም። ታሪኩ ሩቅ አገር ወዳገባች እህቷ ስለምትጓዝ ሴት ነው። እህትየዋ ታማ፣ ‘ሌላ አልፈልግም፣ የአገሬ የምንጭ ውሃ አምሮኛል’ ብላ ትልካለች። ሴትዮዋም በእንስራ ቀድታ፣ በጀርባዋ አዝላ በእግሯ ትነሣለች። ያነበብኩት ጥቂት ገጽ ብቻ ነበር፤ ግን ያን ሰሞን ሥራ ላይ ሆኜም ሴትዮዋ በሐሳቤ ትሄድ ነበር።

እኛ ስንከራከር ሲስተር የአቮካዶ ጁሳቸውን በማንኪያ ያማስላሉ። በመጨረሻ ቀና አሉና፣

«ለሦስት ምረጡ» አሉ።

«አራት ነን እኮ» አልኳቸው።

«እኔ ከእንግዲህ አላነብም። ዓይኔ እየሄደ ነው።» ስለ ሌላ ታካሚ እንደሚያስረዱ ሁሉ በረጋ ድምፅ ነው የተናገሩት። «የዓይን ግፊት ነው፤ እድሜዬን ሙሉ ሰው ስመክርበት የኖርኩት በሽታ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ነው መድኃኒቱ የሚያቆየው። ያለፈውን መጽሐፍ በማጉያ መነጽር ነው እየታገልኩ የጨረስኩት። አሁን በእሱም ፊደል ከፊደል አይለይልኝም። ታናሽ ወንድሜ ‘ብቻሽን እሳት አታንድጂ፣ ወደ ቤትሽ ነይ’ ብሎኛል። ሐምሌ ሳይገባ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ እወጣለሁ።»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ ከዚያ ምን እያደረገ እንደሆነ ትዝ ሲለው ቶሎ ብሎ መልሶ አደረገው። ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፣ ይርቃል።

«ታዲያ ጆሮዎት ምን ሆነ?» አለ ኢንጂነር።

ከጠረጴዛው ሥር እግሩን መታሁት። ሲስተር ግን ሳቁ።

«ጆሮዬማ ምን ይሆናል? በዚያ ሁሉ የምጥ ጩኸት ያልደነቆረ ጆሮ!»

«እንግዲያው እኛ እናንብብ፣ እርስዎ ሰምተው ይምረጡ።»

«ለእኔ ስትሉ ክረምታችሁን አታበላሹ። ደግሞ እንዳታለቅሱልኝ።»

«ማን አለቀሰ?» አለ መምህሩ። መነጽሩን ግን እንደገና አወለቀ።

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስታችንም መጽሐፎቻችንን ይዘን ወጣን። ሚኒባሱ በሙዝ እርሻዎቹ መሐል ወደ ሰሜን ወሰደን፤ ከመገንጠያው ወዲያ ሽቅብ በፒክአፕ ሄድን፣ ከኋላ ከጨው ጆንያ ጋር ተጭነን። መንገዱ ሲጠማዘዝ አባያ አንዴ በግራችን አንዴ በቀኛችን ይሆናል፤ እንደገና ስናይ ጠፍቷል። ደመናው ውስጥ ገብተናል። ኢንጂነር ከአጠገቤ ተቀምጦ ፊቱ ብዥ አለብኝ። ከታች ሆኜ ስንት ዓመት የማየው ክረምት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እየገባሁ ነበር፤ ሽታው የልጅነቴ ሽታ ነው፣ የረጠበ አፈርና የእንጨት ጭስ።

ኦቾሎ በጉም ውስጥ ሕልም ይመስላል። ቤቶቹ ሲቀርቧቸው ብቻ ይታያሉ። ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከአንዱ ግቢ የሸማኔ ዕቃ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ከሌላው። ሲስተር ቡልኮ ተከናንበው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። የማን እርምጃ እንደሆነ እየለዩ በየተራ ጠሩን። ወንድማቸው መስኮቱ ሥር ከተቆፈረው የሸማ መሥሪያ ጉድጓድ ሳይወጣ በጋሞኛ «ሳሮ፣ ሳሮ» ብሎ ሰላምታ ሰጠን። ሚስቱ የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር አቀረበች። በልተን እንደጨረስን ንባቡ ተጀመረ።

መምህሩ ቀደመ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ መጽሐፉ ግን የሚጀምረው ከንጉሡ አያት አያት ነው። የሲስተር አገጭ ቀስ እያለ ደረታቸው ላይ ወረደ። መምህሩ አየና አቆመ።

«ቀጥል» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ንጉሡ ገና አልተወለደም።»

ቀጥሎ ኢንጂነር አነበበ። በመጀመሪያው ገጽ አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል። የወንድምየው ሚስት ‘ምንድን ነው የሚለው?’ ስትል ሲስተር ወደ ጋሞኛ መለሱላት። ሴትየዋ አማተበችና የድንቹን ሰሐን አንሥታ እያጉረመረመች ወጣች።

«ደም ያለበትን ነገር ምግብ ካለበት ቤት አውጡት ነው የምትለው» አሉ ሲስተር። ኢንጂነር መጽሐፉን ዘጋ።

የእኔ ተራ ሲደርስ እጄ በብርድ ደንዝዞ ገጹን በግድ ገለጥኩ። ሴትዮዋ ጎህ ሲቀድ ወደ ምንጩ ስትወርድ፣ ውሃው እንዳይደፈርስ ትንፋሿን ይዛ ስትቀዳ፣ እንስራውን አዝላ ወደ ኋላ ሳታይ ስትነሣ፤ እያነበብኩ ሲስተር ዝቅ ባለ ድምፅ በጋሞኛ ይከተሉኛል። ድምፃችን እንደ ሁለት እግር እየተቀዳደመ ይሄድ ነበር። በመሐል አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማኝ። ቀና ስል የሸማ መሥሪያው ቆሟል። ወንድምየው መወርወሪያውን በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ ያያል። አንድ ነገር ጠየቀ።

«‘ሰው ውሃ ቢለምናትስ?’ ይላል» አሉ ሲስተር።

«ገና እዚያ አልደረስኩም» አልኩ።

«እንግዲያው አንብቢ፣ ልጄ።»

የክረምቱ መጽሐፍ የተመረጠው እንዲህ ነው።

በየሳምንቱ መውጣት ስለማይቻል ምዕራፎቹን ለሦስት ተከፋፍለን በስልክ ድምፃችንን እየቀዳን መላክ ጀመርን። አንድ ቅጂ ብቻ ስላለን መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ኦቾሎ ኔትወርክ የሚያዘው ከቤቱ አለፍ ብሎ፣ ወደ አባያ በሚያሳይ ድንጋይ ላይ ነው። የወንድምየው ሚስት ላስቲክ ለብሳ ስልኩን ወደዚያ ትወስዳለች፤ ድምፃችን እስኪገባላት ትጠብቅና ይዛው ትመለሳለች። ማታ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ሲስተር እያቆሙ፣ እየተረጎሙ ያሰማሉ።

እኔ የምቀዳው ጠዋት ሥራ ሳልሄድ ነበር። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ በስልክ ካልሆነ ጮክ ብዬ ተናግሬ እንደማላውቅ ያኔ ነው የታወቀኝ። መጀመሪያ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። እየቆየሁ ግን የማነበው እኔ መሆኔን እረሳ ጀመር። መስኮቱን ከፍቼ ሳነብ ያቺ ሴት እንስራዋን አዝላ በደጄ ቁልቁል ወደ ሐይቁ የምታልፍ ይመስለኛል። ቢሮ ደርሼ የናሙና ጠርሙስ ወደ ብርሃን ከፍ ሳደርግ ከየትኛው ምንጭ ቀድታው ይሆን እላለሁ።

ሲስተር መልስ ይልካሉ፤ እሱም በድምፅ ነው።

«ዛሬ ቸኮልሽ። ሴትዮዋ ወንዙን ስትሻገር ውሃው እስከ ጉልበቷ ነው፤ አንቺ ግን በድልድይ ያለፈች አስመሰልሽው።»

መምህሩ አንዴ ንባቡን በመሐል አቁሞ «ገባችሁ?» ብሎ ነበር፤ ለብዙ ቀን ሳቅንበት። ኢንጂነር ጫሞ ዳር ዓሣ የሚነግድ ጓደኛ አለው፤ ዓሣው ከጀልባ እስኪራገፍ እዚያ ተቀምጦ ይቀዳል። ከጀርባው የወፎቹ ጩኸትና የዓሣ አጥማጆቹ ጭቅጭቅ ይሰማል። «ወፎቹን አብዛቸው» ብለው ላኩለት ሲስተር። «አንተ ስትደክም እነሱ ይሞሉበታል።»

ነሐሴ ላይ መልሱ ቀረ። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልን። ቀጥሎ መብራት ነው አልን። የላክነው ሁሉ ሳይሰማ ተደርድሮ ይታያል፤ ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው። ለመውጣት አስበን መናኸሪያ ሄደን ሾፌሮቹን ስንጠይቅ መንገዱን ጭቃ ዘግቶታል አሉን።

«ምናልባት አስቸግረናቸው ይሆናል» አለ መምህሩ። «ሰው እምቢ ማለት ሲያቅተው ዝም ይላል።»

መቅዳቱን አቆምን። መጽሐፉ እኔ ጋ ነበር፤ ብቻዬን ልጨርሰው እችል ነበር። ከፍቼ ሁለት መስመር ሳነብ ግን ዓይኔ ይሸሻል። በአፍ የተጀመረ ነገር ለዓይን እምቢ አለ። ጠዋት ጠዋት ክፍሌ እንደ ድሮው ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ወደ ተራራው አያለሁ፤ ደመናው ከወትሮው ወርዶ ተኝቷል።

አንድ እሑድ ስልኬ ጮኸ። ከሲስተር ስልክ የመጣ ድምፅ ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ነው፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ከነፋስ ጋር እየታገለ።

«እኔ ነኝ፤ የሲስተር ወንድም ሚስት። ሴትዮዋ ወንዙ ዳር ቀረች። ውሃው ተሸክሞ ደከመች። ለምን ተዋችኋት? ላኩ።»

በዚያው ቀን ሦስታችንም መምህሩ ቤት ተገናኝተን፣ መጽሐፉን እየተቀባበልን የቻልነውን ያህል ቀዳን። ለሚቀጥሉት ቀናትም ሳናቋርጥ ላክን። የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ አስቀረነው፤ እዚያው ሄደን ልናነበው ተስማማን።

መስከረም ገብቶ፣ መስቀል ሲቃረብ መንገዱ ደረቀ። ኦቾሎ ስንደርስ ጉሙ ሳስቶ ነበር፤ በየደጁ ለበዓል የታጠበ ልብስ ሊደርቅ ተሰጥቷል። ሲስተር ክንዴን ያዙና ‘እነሱ ይግቡ፣ እኛ ትንሽ እንሂድ’ አሉኝ። በአጥሩ ጥግ ቀስ እያልን ስንሄድ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

«ያን ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ መስኮቱ የት እንደሆነ ጠፋኝ። እስከዚያ ፊደሉ ቢቀርም ብርሃኑን አየው ነበር፤ ነጣ ያለ ነገር በዚህ በኩል ይታየኝ ነበር። እሱም ሄደ። ስልኩን ዘጋሁት። የማንንም ድምፅ መስማት አልፈለግሁም፤ የእናንተንም።»

ክንዴ ላይ ያለው እጃቸው ሞቃት ነበር።

«ታዲያ እነዚህ ሰዎች አላስተኙኝም። የወንድሜ ሚስት ምግብ ስታመጣ ‘ሴትዮዋስ?’ ትለኛለች። ወንድሜ ሸማውን እየሠራ ‘ሴትዮዋስ?’ ጥጥ ሊፈትሉ የሚመጡት ጎረቤቶች ‘ሴትዮዋስ?’ አንድ ቀን ብሶብኝ ‘እኔ ዓይኔ ጠፍቷል፣ እናንተ የማታውቋትን ሴትዮ ትጠይቁኛላችሁ!’ ብዬ ጮህኩባቸው። ወንድሜ ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ታዲያ ካንቺ ሌላ ማን ይነግረናል?’»

ትንሽ ሄድን።

«እውነቱን ነው» አሉ። «የእናንተ ንባብ ብቻውን አይገባቸውም፤ የመጽሐፍ አማርኛ ይከብዳቸዋል። እኔ ካልነገርኳቸው ሴትዮዋ ወንዙን አትሻገርም። ስልኩን ለሚስቱ ሰጠኋትና ‘ውጪና ጥሪያቸው’ አልኳት።»

ስንገባ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ጥጣቸውን፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዳነብ ለእኔ ሰጡኝ። ሴትዮዋ በመንገዷ ሁሉ የጠማው ሰው አጋጥሟት ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት አጠጥታለች። አሁን የእህቷ አገር ደርሳለች። ዝናብ ይዘንባል። እንስራው ቀሏታል፤ የቀረ ውሃ ይኑር አይኑር ነቅንቃ ለማየት ፈርታለች። ከእህቷ ደጅ ቆማ እጇን ወደ በሩ ታነሣለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሲስተር የመጨረሻዋን ቃል ተርጉመው ጨረሱ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ገጹን ገልብጬ ባዶውን አሳየኋቸው። ጉርምርምታ ተነሣ።

የወንድምየው ሚስት እንዝርቷን መሬት አስቀመጠችና ረዘም አድርጋ ተናገረች። ሌሎቹ «አዎ፣ አዎ» እያሉ ያጅቧታል። ሲስተር እየሳቁ ተረጎሙልን።

«እንደዚህ አይሆንም ትላለች። በክረምት ሰው ደጅ አይተውም። በሩ ተከፍቷል፣ ገብታለች፣ እሳት ዳር ተቀምጣለች፣ ልብሷም እየደረቀ ነው። እህቷም አልሞተችም፤ ቀና ብላለች። እንስራው ደግሞ ባዶ አይደለም። አፉ ክፍት ነው፣ መንገዱን ሙሉ ዘንቧል፤ ሞልቷል።»

«ግን እኮ» አለ መምህሩ፣ ታሪክ አስተማሪነቱ አላስቀምጠው ብሎ፣ «እሱ የዝናብ ውሃ ነው። እህቷ ያማራት የምንጩ ነው።»

ይህ ሲተረጎምለት ወንድምየው ከሸማ መሥሪያው ሆኖ አጭር መልስ ሰጠ።

«‘ከሥሩ ጭላጭ ቀርቷል። ተቀላቅሏል’ ይላል» አሉ ሲስተር።

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ፤ የውሃ ነገር የእኔ ስለሆነ መሆን አለበት።

«ተቀላቅሏል» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ ስለ ታሪኩ ያልተናገረ ሰው አልነበረም፤ እህትየዋ ስንት ልጅ እንዳላት፣ ባልየው የት እንደሄደ፣ ሴትዮዋ ስንት ቀን አርፋ እንደምትመለስ ሁሉ ተወሰነ። ሲስተር መሐላቸው ተቀምጠው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ ፊታቸው ልክ ሁሉንም እንደሚያይ ሰው ነበር። ኢንጂነር አንድም ቃል ጋሞኛ ሳይገባው ያዳምጣል፤ ጉንጩን በእጁ ይዞ፣ ልጅ ሆኖ ተረት እንደሚሰማ። መጽሐፉን እዚያው ተውነው፤ ማንም አልጠየቀን፣ እኛም አላነሣነውም።

ከዚያ ክረምት በኋላ ኢንጂነር ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄደ። ከመምህሩ ጋር አሁንም እንገናኛለን፤ ሲስተርም በስልክ ይገባሉ፣ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጠው ያርሙናል። ሌሎች መጻሕፍት ተመርጠው ተነበዋል፤ ጥሩ ጥሩዎች ነበሩ።

አንድ ጊዜ ኦቾሎ ስወጣ ያን ቀጭን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ አንሥቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ሴትዮዋ ዝናብ ላይ ቆማ እጇን ወደ በሩ አንሥታለች። ገረመኝ። እኔ ስንት ጊዜ ሳስባት እሳት ዳር ነበረች፤ ነጠላዋ ከራሷ በላይ ተሰቅሎ እንፋሎት ይወጣው ነበር።